ሳንባዬ ላይ የታየው ጥላ

ታላቅ ወንድሜ መገነዣዬን የገዙልኝ በሕይወት እያለሁ ነው። ነጭ አቡጀዲ ነበር፤ ከደባርቅ ገበያ ተገዝቶ፣ ተጣጥፎ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ አልጋዬ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። በክፋት አልነበረም። ሐኪም ተስፋ ቆርጧል ሲባል ሰምተዋል። በጸጥታው ምክንያት መንገዱም አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ የነበረበት ጊዜ ስለሆነ፣ ሞት ድንገት ቢመጣ ቤቱ እንዳይደናገጥ ብለው ነው። እኔ ግን አልሞትኩም። ይህን የምጽፈው ሳሉ አልለቅ ላለው ሰው ነው። "አበቃለት" ተብሎ ለተነገረለት ሰው ደግሞ ይበልጡን።

ስሜ ብርቅነሽ ነው፤ ሰው ብርቄ ይለኛል። ተወልጄ ያደግኩት ደባርቅ ነው። የስሜን ተራሮችን በእግራቸው ለሚጎበኙ እንግዶች ምግብ አበስላለሁ፤ እኛ ሥራውን "ኩክ" ነው የምንለው። ከሳንቃ በር እስከ ጨነቅ ባሉት የተራራ ማረፊያዎች ድንኳን ውስጥ ምድጃዬን አቁሜ ሾርባና ፓስታ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። ባለቤቴ ደሴ ዕቃ የሚጭኑ በቅሎዎች ስላሉት ብዙውን ጊዜ አብረን ነው የምንወጣው። ሥራውን በተራ የሚያከፋፍለን ማህበር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስመዘገብ "ሴት ልጅ ይህን ብርድ አትችለውም" ያሉኝ ነበሩ። ቻልኩት። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ የተነገረኝን ሁሉ አሜን ብዬ የምቀበል ሰው አለመሆኔን አስቀድማችሁ እንድታውቁት ነው።

ሳሉ የጀመረኝ ክረምቱ ወጥቶ እንግዳ መምጣት ሲጀምር ነው። ደረቅ ሳል ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ይብስብኛል። የላምባው ጭስ ነው ብዬ ናቅኩት። ቀጥሎ ላቡ መጣ። ጨነቅ ላይ ውሃ በጀሪካን ውስጥ በረዶ ሆኖ በሚያድርበት ብርድ፣ እኔ ቀሚሴ እስኪጨመቅ ድረስ ያልበኝ ነበር። ደሴ "ብርድ ልብስ አብዝተሽ ነው" ይለኛል። ብርድ ልብሱን ብቀንስም ላቡ አልቀረም። ቀሚሶቼ ሰፉኝ። መቀነቴን ባጠበቅኩ ቁጥር ደግሞ ይላላል። አቀበት ስወጣ ድሮ እኔ ወደኋላ ዞሬ የምጠብቃቸው ሰዎች ቆመው እኔን መጠበቅ ጀመሩ።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ነው። ደም ወሰዱና "ታይፎይድና ታይፈስ አለብሽ" አሉኝ። መርፌዬን ተወጋሁ። ትንሽ ቀለል አለኝና ተመልሶ መጣ። ሌላ ክሊኒክ የሳንባ ምች ነው ብሎ ኪኒን ሰጠኝ። ሌላው ደግሞ ደረቴን በማዳመጫ አዳምጦ "አስም ነው" አለና በአፍ የሚሳብ መድኃኒት አዘዘልኝ። እያንዳንዱ ለጥቂት ቀን ተስፋ ይሰጠኛል፤ ከዚያ ሳሉ ካቆመበት ይቀጥላል። በመጨረሻ ሆስፒታል ሄጄ አክታ ሰጠሁ። ውጤቱን ስጠይቅ "ቲቢ አልተገኘም" አሉኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ያ ደስታ ወራት አስከፈለኝ።

አሁን ተምሬዋለሁ። ቲቢው ሳንባዬ ውስጥ እንደ ዕጢ ተቋጥሮ ስለነበር፣ ከአክታዬ ጋር የሚወጣው ጀርም ለመታየት አልበቃም ነበር። አክታ ላይ አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም። ያኔ ግን ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

በዚህ መሀል ልጄ ሰናይት ወለደች። ሰናይት ዳባት አስተማሪ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇ ስለሆነች ላርሳት ሄድኩ። ገንፎ አገነፋለሁ፣ ሕፃኗን አጥባለሁ፣ እናቷ ስትተኛ ደረቴ ላይ አስተኛታለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለሁ ሳል ያዘኝና ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግኩ። ሳነሳው ቀይ ነበር። ልደብቀው ስል ሰናይት ከበሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

"እማ፣ ምንድን ነው እሱ?"

"ድዴ ነው።"

"እማ!"

በማግስቱ ሆስፒታል ይዛኝ ሄደች። ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሙ ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ለረጅም ጊዜ አየው። ቀኝ ሳንባዬ ላይ፣ ከላይ በኩል፣ እንቁላል የሚያህል ነጭ ጥላ ነበር።

"ሲጋራ ታጨሻለሽ?" አለኝ።

"ከምድጃ ጭስ ሌላ ጭስ አላውቅም" አልኩት።

አልሳቀም። አክታዬን ደግመው አዩ፤ አሁንም ምንም የለም። ከዚያ ሲቲ ስካን ወደሚነሳበት ወደ ጎንደር ላኩኝ። ሲቲ ስካን ማለት ደረትን በስሱ ከፋፍሎ የሚያሳይ፣ ከራጅ የበለጠ ፎቶ ነው። ለዚህ ሁሉ ወጪ ደሴ ከበቅሎዎቹ አንዷን ሸጠ። የሸጠው የሚወዳትን መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ጎንደር ላይ የነበረውን ወረፋ አልረሳውም። አግዳሚው ሞልቶ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከጎኔ ከበየዳ የመጣች ሴት ነበረች፤ ባሏን ልታሳክም በእግርም በመኪናም ብዙ ለፍታ የመጣች። ሳሌን ሰምታ አልሸሸችም። ከቋጠሮዋ የገብስ ቆሎ አወጣችና እጄ ላይ አፈሰሰችልኝ፤ "አፍሽን አታስርቢው፣ ቀኑ ረጅም ነው" አለችኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም። እንደዚያ የጣፈጠኝ ቆሎ የለም።

ፎቶው ከተነሳ በኋላ "የብርቅነሽ ቤተሰብ!" ተብሎ ተጠራ። እኔ ስነሳ "አንቺ ቆይ" አሉኝ። አብረውኝ የመጡት ደሴና ታላቅ ወንድሜ ገቡ። ወንድሜ መካነ ብርሃን ከተማ የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው፤ ቄስ መልኬ ይባላሉ። ወንድሜ ቢሆኑም ከልጅነቴ ጀምሮ አባ ነው የምላቸው። ሲወጡ ወንድሜ መስቀላቸውን አጥብቀው ይዘዋል፤ ደሴ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ስቦታል።

"ምን አሉ?" አልኩት።

"ትንሽ ቁስል ነው አሉ።"

"ትንሽ ቁስል ከሆነ ምን ያስለቅስሃል?"

"ጉንፋን ይዞኝ ነው" አለ።

ወደ ደባርቅ መለሱኝ። መድኃኒት አልታዘዘልኝም። ሰው ግን በሽ በሽ መጣ። ዓመት ያላየኋቸው ዘመዶች ዶሮ ይዘው እየመጡ ፊቴን ትክ ብለው ያዩኛል፣ በረጅሙ ይተነፍሳሉ፣ "አይዞሽ" ይላሉ፣ በር ላይ ሲደርሱ ይንሾካሾካሉ። ነገሩ አላማረኝም። አንድ ጠዋት ጫማዬን ስፈልግ ነው እንግዲህ አልጋው ሥር ያ ፌስታል የተገኘው። ከፍቼ አየሁት። ለሌላ ነገር የሚገዛ ጨርቅ አለመሆኑን ለማወቅ ማንም አያስፈልገኝም።

ጨርቁን ይዤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ አለቀስኩም። ከዚያ ግን አንድ ነገር ከውስጤ እንደ እሳት ተነሳ። ሰናይትን ደወልኩላት፤ መጣች። ወንድሜም ደሴም ቤት ነበሩ። ጨርቁን መሀል ወለል ላይ አኖርኩት።

"ይህ የማነው?"

ደሴና ወንድሜ ተያዩ።

"ሰናይት፣ አንቺ ንገሪኝ።"

ልጄ አጠገቤ ተቀመጠች። "ካንሰር ነው አሉ እማ። የሳንባ ካንሰር። ጥላው ዙሪያውን እንደ እሾህ ሾሏል። ደረትሽ መሀል ያሉት ዕጢዎችም አብጠዋል፤ ተሰራጭቷል ማለት ነው አሉ።"

"ማን አየው?"

"በማሽኑ ታየ" አለ ደሴ።

"ማሽኑ ካንሰር ነው አለ?"

ሰናይት ቀና አለች። "ማለቴ… ካንሰር ይመስላል ነው ያሉት። ናሙና ተወስዶ ይረጋገጥ ብለዋል።"

"ናሙናው የታለ?"

ወንድሜ ቀስ ብለው፣ እንደ ንስሐ አባት ድምፅ፣ መናገር ጀመሩ። "እህቴ፣ በደረት የሚገባ መርፌ ነው አሉ። ሰውነትሽ አልቋል። በሰው አገር ወድቀሽ ብትቀሪ አንቺን የምናመጣበት መንገድም ላይኖር ይችላል። እዚሁ በቤትሽ፣ ንስሐ ገብተሽ፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብለሽ…"

"ሥጋ ወደሙን እቀበላለሁ አባ" አልኳቸው። "ሞቱን ግን ሳያረጋግጡልኝ አልቀበልም። ይመስላል ተብሎ ሰው አይቀበርም። የደበቃችሁኝ ለእኔ አዝናችሁ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ደረቱ የእኔ ነው፣ መርፌውም የሚገባው እኔ ላይ ነው፤ እኔ ሳልጠየቅ ማን እምቢ አለልኝ?"

ደሴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ወንድሜን መቼም እንዲህ አድርጌ ተናግሬያቸው አላውቅም፤ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። መስቀላቸውን አወጡና አሳለሙኝ። "መንገዱ የተከፈተ ዕለት እኔ ራሴ እወስድሻለሁ" አሉ። አቡጀዲውንም ይዘው ወጡ፤ ቀባሪ ለሌለው ሰው ይሁን ብለው ለቤተ ክርስቲያን ሰጡት።

መንገዱ ተከፈተ፤ ጎንደር ተመለስን። በዚህኛው ዙር ያገኘኋት ዶክተር ወጣት ሴት ነበረች። ፎቶውን ለእኔ አዞረችልኝ፤ ከዚያ በፊት ሳንባዬን ለራሴ ያሳየኝ ሰው አልነበረም። በጣቷ ጥላውን ዞረችው።

"እናቴ፣ ይህ ነገር ካንሰር ሊሆን ይችላል። አልዋሽዎትም፣ ቅርጹ ያስፈራል። ቲቢም ግን አንዳንዴ ልክ እንዲህ ሆኖ ይታያል፤ ዕጢ መስሎ፣ ዙሪያው ሾሎ፣ ሌሎቹንም ዕጢዎች አሳብጦ። በፎቶ ብቻ ሁለቱን መለየት አልችልም። ትንሽ ሥጋ ቆንጥሬ ማየት አለብኝ። በመርፌው ምክንያት ሳንባው አየር ሊያፈስ ይችላል፤ ከሆነ እዚሁ እናክመዋለን።"

"ውጤቱን ለማን ነው የሚናገሩት?" አልኳት።

"ለማን ልንገር?"

"ለእኔ። ለባሌም ለወንድሜም አይደለም። መጀመሪያ ለእኔ።"

"ለእርስዎ" አለችኝ፤ እጄንም ያዘችው።

የመርፌው ዕለት ደረቴን አደንዝዘው በጎኔ አስተኙኝ። የከበደኝ ሕመሙ አልነበረም፤ "አሁን እንዳይተነፍሱ፣ እንዳያስሉ" ሲሉኝ ነው። ወራት ሙሉ ያሻውን ሲያደርገኝ የነበረ ሳል ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ይቆነጥጠኛል። ጥርሴን ነክሼ፣ በልቤ እመብርሃንን እየጠራሁ፣ ያዝኩት። "ጨረስን" ሲሉኝ ያ ሁሉ ሳል አንድ ላይ ወጣ። አየርም አላፈሰሰም።

ውጤቱ እስኪደርስ ሆስፒታሉ አጠገብ ትንሽ ክፍል ተከራይተን ቆየን። ቀን ቀን ጀግና ነበርኩ። ሲመሽ ግን፣ አልዋሽም፣ ፈራሁ። እነሱ ልክ ቢሆኑስ? የቀረችኝን ጥቂት ጊዜ ከልጅ ልጄ ጋር ማሳለፍ ስችል በከንቱ ስጋደል ባልቅስ? ደሴ አለመተኛቴን ያውቃል፤ እግሬን በጋቢው ይሸፍንልኛል። አንድ ጊዜ ብቻ "ልክ ነሽ፣ መጠየቅ ነበረብን" አለኝ። ከእሱ ይህን መስማት ብዙ ነገር አቀለለልኝ።

ዶክተሯ ቃሏን ጠበቀች። "ብርቅነሽ" ብላ እኔን ጠራች።

"ካንሰር የለም" አለችኝ። "ናሙናው ላይ የታየው ቲቢ ነው። ጀርሙንም በሌላ መሣሪያ አግኝተነዋል፤ በተለመደው መድኃኒት የሚሞት ዓይነት ነው። ይድናሉ።"

"ቲቢ!" ብዬ ጮህኩ፤ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው። ኮሪደሩ ላይ የነበሩ ሰዎች አንድ አንድ እርምጃ ሸሹ። ወንድሜ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተንበረከኩ። ደሴ አቀፈኝ። እኔ እየሳቅኩ ሳለሁ ድንገት ትዝ አለችኝ። ሕፃኗ! ደረቴ ላይ ያስተኛኋት ሕፃን!

ሰናይትን ደወልኩላት። ካንሰር አይደለም ስላት በደስታ አለቀሰች። ቲቢ መሆኑን ስነግራት ለቅሶዋን አቆመች።

"እማ… አቅፈሻት ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጃት። አንቺም ተመርመሪ።"

ሁሉም ተመረመሩ፤ ደሴም፣ ሰናይትም። ማንም አልታመመም። ሕፃኗ ጤነኛ ብትሆንም በሽታው እንዳይነሳባት መከላከያ መድኃኒት ጀመረች። ያቺ አፏ ወተት ወተት የምትል ልጅ በእኔ ምክንያት በየቀኑ መድኃኒት ስትውጥ ማሰብ ከመርፌው የበለጠ ወጋኝ። ሰናይትም ለጊዜው ልጅቷን አላመጣችልኝም። ስልክ ላይ ድምፅዋን ታሰማኛለች፤ "ትንሽ እንቆይ እማ" ትላለች። አልተቀየምኳትም። እናት ናት፤ ልክ ናት።

መድኃኒቱን ደባርቅ ጤና ጣቢያ ጀመርኩ። ጠዋት በባዶ ሆድ ኪኒኖቹን እውጣለሁ። መጀመሪያ ሽንቴ ቀይ ሆኖ ሳየው ደም መስሎኝ ልጮህ ነበር፤ ነርሷ "የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ አይደንግጡ" አለችኝ። ያቅለሸልሸኛል፣ መገጣጠሚያዬን ይቆረጥመኛል። ግን ሳምንታት ሳይቆጠሩ ላቡ ቀረ። አንድ ጠዋት ነቅቼ ቀሚሴን ብዳብሰው ደረቅ ነው። ቀጥሎ ረሃብ መጣ፤ የምግብ ሽታ ያስጠላኝ የነበረው እኔ ከድስቱ ቆሜ መብላት ጀመርኩ።

የሚያስቀው ምን መሰላችሁ? ካንሰር ነው ሲባል የሞላው ቤት፣ ቲቢ ነው ሲባል ባዶ ሆነ። ልሞት ነው ሲሉ ዶሮ ይዘው የመጡት ልድን ነው ስል ጠፉ። ጎረቤቴ ወጥ ስታመጣልኝ ሳህኑን በር ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች። መጀመሪያ ላይ እኔም ራሴን ጠብቄያለሁ፤ መስኮት ከፍቼ፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ ብቻዬን ተኝቻለሁ። ሐኪም "ከእንግዲህ ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ከሰው ተቀላቀይ" ካለኝ በኋላ ግን የምደበቅበት ምክንያት አልነበረም።

ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ድንኳኑ ሙሉ ነው። ውሃ የምታድለው ሴት ለሁሉም በብርጭቆ ስትሰጥ ለእኔ አፉ የተቀደደ የላስቲክ ጠርሙስ አመጣችልኝ። ሁሉም አየ፤ ሁሉም ያላየ መሰለ። ተነሳሁ።

"ወገኖቼ፣ ሐዘን ላይ ስለምናገር ይቅር በሉኝ። የያዘኝ ቲቢ ነው። መድኃኒቴን እየወሰድኩ ነው፤ አሁን ወደ ሰው አላስተላልፍም። ቲቢ በብርጭቆ አይመጣም፤ በሳልና በትንፋሽ ነው የሚመጣው፣ ያውም ካልታከመ ሰው። እዚህ ድንኳን ውስጥ ሲያስል የምሰማው ሰው አለ፤ እሱ በብርጭቆ ጠጥቷል። እኔን ከምትፈሩ እሱን አስመርምሩት።"

ሴትየዋ ፊቷ ቀላ፤ ጠርሙሱን ወሰደችና በብርጭቆ ውሃ አመጣችልኝ። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣሁት። ከዚያ ቀን በኋላ ሰዎች አንድ አንድ እያሉ በጓሮ በር መምጣት ጀመሩ። "ብርቄ፣ ላብ ላብ ይለኛል፣ የት ልሂድ?" ይሉኛል። አብሬያቸው ሄጄ ወረፋ ይዣለሁ። አንዱ ቲቢ ተገኝቶበት እየታከመ ነው። አንዷ ግን ጥላዋ እውነትም ካንሰር ሆነ። ስሟን አልጽፍም። ከመሞቷ በፊት "ቢያንስ እውነቱን ለእኔ ነገሩኝ" አለችኝ፤ ቤቷን በራሷ እጅ አስተካክላ፣ ልጆቿን ለእህቷ አደራ ሰጥታ ነው የሄደችው። የጠየቀ ሁሉ ይድናል ብዬ አልዋሻችሁም። ያልጠየቀ ግን የሚድነውንም በሽታ ይዞ ይቀበራል።

ስለዚህ ሳላችሁ ከሁለት ሳምንት አልፎ ካልለቀቃችሁ፣ ክብደት ከቀነሳችሁ፣ ሌሊት ካላባችሁ፣ ከክሊኒክ ወደ ክሊኒክ መርፌ እየቀየራችሁ አትዙሩ። አክታ ላይ የለም ቢሏችሁና ሕመሙ ካልተሻላችሁ ተመለሱ። በፎቶ ብቻ አንድ ነገር ከተነገራችሁ "በምን ይረጋገጣል?" በሉ። መድኃኒት ከጀመራችሁም ደህና ሆንኩ ብላችሁ አታቋርጡ። የድሮ ፎቶዎቻችሁን ደግሞ አትጣሉ፤ እኔ ሕክምናዬን ስጨርስ በተነሳሁት ራጅ ጥላው ጠፍቶ ጭረት የመሰለ ጠባሳ ቀርቶብኛል፤ ነገ ሌላ ሐኪም አይቶ እንዳይደነግጥ ከትናንቱ ጋር ማስተያየት አለበት።

ሰናይት አንድ እሁድ ሳትነግረኝ መጣች። ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ልጅቱ ከብዳለች፤ ጆሮዬን ይዛ ጎተተችኝ።

የቀረው ሥራዬ ነበር። የማህበራችን ሊቀመንበር ማሩ፣ ራሱም እንግዶችን የሚመራ ጋይድ ነው፣ ተራዬን ስጠይቀው አንገቱን አከከ። "ትንሽ ብታርፊስ ብርቄ? እንግዳው ቢሰማ ጥሩ አይደለም።"

"እንግዳው የሚሰማው ከአንተ ነው" አልኩት። "መዳኔን ሐኪም አረጋግጧል። ካላመንክ አብረን እንሂድና ጠይቀው። ተራዬን ግን ስጠኝ።"

ሰጠኝ፤ ግን ራሱ የሚመራውን ቡድን ነው የሰጠኝ፤ በዓይኑ ሊከታተለኝ መሆኑ ነው። ወጣን። አቀበቱ ላይ ደሴ በቅሎ አቁሞ "በቅሎዋ ላይ ውጪ" አለኝ፤ አልወጣሁም። እየቆምኩ፣ እየተነፈስኩ፣ በእግሬ ደረስኩ። የመጀመሪያው ምሽት ማሩ ከቦርሳው ዳቦና ሳርዲን አውጥቶ ለብቻው በላ። የሠራሁትን አልነካም። ጨነቅ የደረስን ዕለት ግን ነፋሱ ድንኳኑን ሊነቅለው ደረሰ፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የምስር ሾርባ ሠርቼ እንግዶቹን፣ የፓርኩን ጠባቂ ስካውቱን፣ ባለበቅሎዎቹን ሁሉ አበላሁ። ድስቱን ልከድን ስል ማሩ እጁን በብብቱ ከትቶ ደጃፉ ላይ ቆመ።

"ሾርባ ተርፏል?"

"የሚፈራ ሰው አይጠጣውም" አልኩት።

"ብርዱን ነው አሁን የምፈራው" አለና ጣሳውን ዘረጋ።

ቀዳሁለት። እዚያው ቆሞ፣ እፍ እያለ፣ እስከ ታች ጠጣው። ጣሳውን መልሶ ዘረጋ።

"ጨምሪልኝ።"

ጨመርኩለት።